ፎቶ "ማጥራት" ወይም ኤአይ አፕስኬሊንግ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ፎቶ ቤት ነው ምሰራው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔት፣ ፍሬም፣ ለምርቃትና ለለቅሶ ባነር ምናምን። አሁን አሁን በብዛት ሚመጣልኝ ጥያቄ "ይቺን ፎቶ አጥራልኝ" ነው። ሰው ቴሌግራም ላይ አስር እጅ የዞረች፣ ከግሩፕ ፎቶ ላይ ተቆርጣ የወጣች፣ ፊቱ በቅጡ ማይለይባት ፎቶ ይዞ ይመጣና በትልቁ አትምልኝ ይላል፣ ችግር የለም በኤአይ ይጠራል አሉ ይለኛል። ይጠራል፣ ልክ ነው፣ ትንሽዬ ፎቶ በኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) አሳድጎ ማጥራት ነው አፕስኬሊንግ ሚባለው። ግን አብዛኛው ሰው ልክ እንደቆሸሸ መስታወት ሲወለወል ከስር የተደበቀው ፊት ብቅ ሚል ይመስለዋል፣ እሱ ነው ሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ከስር የተደበቀ ምንም የለም።

ዲጂታል ፎቶ ማለት በረድፍ የተደረደሩ ባለቀለም ነጥቦች ናቸው በቃ፣ ፒክስል ሚባሉት። ወርዱ 300 ቁመቱ 400 ፒክስል የሆነ ፎቶ በጠቅላላው 120,000 ነጥብ አለው። ይሄን ኤ3 ላይ ላትም ብል ወረቀቱ ወደ 30 ሳንቲሜትር ወርድ ስላለው እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ታክላለች፣ በማስመሪያ ምትለካ ካሬ ማለት ነው፣ ቅንድቡም የከንፈሩ ጠርዝም ዓይን ውስጥ ያለችው ብልጭታም ከነዚ ካሬዎች ሊሰራ ነው። እኛ ለጥሩ ህትመት ምንፈልገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው፣ ኤ4 እንኳን 2480 በ3508 ይጠይቃል።

የጎደለው ነጥብ እንግዲህ ከየትም ይምጣ መምጣት አለበት። ድሮ ፎቶሾፕ ላይ ፎቶ ስናሳድግ ፕሮግራሙ ጎረቤት ነጥቦቹን አይቶ መሃል ላይ ሚሆን ቀለም ያስገባ ነበር፣ ባይኪዩቢክ ይባላል ዘዴው፣ አሁንም አለ። ጥቁርና ነጭ መሃል ግራጫ ይጨምራል፣ ካሬው ይጠፋል ግን ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከራሱ ያመጣው ነገር ግን የለም።

ኤአይ አፕስኬሊንግ ከራሱ ያመጣል። ይገምታል። ስልክ ስታወሩ ኔትወርክ ተቆራርጦ "እን... ዋልሽ፣ ልጆ... ደና ናቸው?" ቢላችሁ ምን እንደተባለ ማንም አይጠፋውም አይደል፣ ሰላምታውን ሺ ጊዜ ስለሰማነው ጆሯችን ራሱ ይሞላዋል። ሰውየው ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ሲነግራችሁ መሃል ላይ ቢቆረጥ ግን የፈለገ ጎበዝ ሁኑ አትሞሉትም። ሰው ሁሉ ሚለው ነገር ይሞላል፣ የዛ ሰው ብቻ የሆነው አይሞላም። አፕስኬሊንግን በዚ ካያችሁት ሌላው ሁሉ ይገባችኋል።

ኤአዩ ሰላምታውን ሚማረው እንዲህ ነው፤ በጣም ብዙ ጥራት ያለው ፎቶ ይሰበሰባል፣ ፎቶው ሆን ተብሎ ይበላሻል፣ ያሳንሱታል፣ ያደበዝዙታል፣ ይጨምቁታል፣ ከዛ የተበላሸውን ለኤአዩ ሰጥተው ዋናውን መልስ ይሉታል፣ የመለሰውን ከዋናው ጋር ያስተያያሉ፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ይሄ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። በ2014 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሆንግ ኮንግ ያሉ ተመራማሪዎች ኤስአርሲኤንኤን ሚባል ትንሽዬ ኔትወርክ (የስልኩ አይደለም፣ ከምሳሌ ሚማር ፕሮግራም ነው) ሰርተው እንዲህ ያለው መማር፣ ዲፕ ለርኒንግ ሚባለው፣ ከድሮው ዘዴ እንደሚሻል አሳዩ። ግን እሱም ቢሆን ሲጠራጠር አማካዩን ስለሚመርጥ ውጤቱ ለስለስ ያለ ነበር። በ2016 የትዊተር ተመራማሪዎች ኤስአርጋንን ይዘው መጡ፣ እሱ ሁለት ኔትወርክ ነው፣ አንዱ ፎቶ ይሰራል ሌላው እውነተኛ ነው የተሰራ ነው እያለ ይፈርዳል፣ ሰሪው ፈራጁን እስኪያሳምን ይታገላል። ጥርት ያለ ቆዳ፣ አንድ በአንድ ሚታይ ፀጉር የመጣው ከዚ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ሰሪው ሚሸለመው ፎቶው እውነት እንዲመስል ስላደረገ ነው። ዛሬ እኛ ሰፈር ድረስ የደረሰው ሪል ኢኤስአርጋን ሚባለው ማጥሪያ በ2021 ከቻይናው ኩባንያ ከቴንሰንት የወጣ ነው፣ በነፃ ነው፣ አፕስኬይል ሚባለው ያለ ኢንተርኔት ሚሰራ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በሱ ላይ ነው የተሰራው፣ ደህና ግራፊክስ ካርድ ብቻ ይፈልጋል።

"4 ኤክስ" የሚለውን ስትጫኑ ምን እንደምታዙም እወቁ። ወርዱም ቁመቱም በ4 ሲባዛ ነጥቡ በ16 ይባዛል። ያቺ 120,000 ነጥብ የነበራት ፎቶ 1,920,000 ትሆናለች። ካሜራ የሰጣት 120,000 ብቻ ነው፣ 1,800,000ውን ግምት ነው የሞላው።

አሁን ስልክ ቁጥሩ ጋ ልምጣ። አንዲት ጎረቤታችን የእናቷ አርባ ሲደርስ ፎቷቸውን አመጣችልኝ፣ ከሰርግ ፎቶ ላይ በስልክ የተነሳች፣ ፊታቸው አውራ ጣት ማያክል። እኔም የፊት ማጥሪያውን ጂኤፍፒጋን ጨምሬ 4 ኤክስ አደረኩና አተምኩ። በጣም ነው ያማረው፣ ዓይናቸው ጥርት፣ ቆዳቸው ልስልስ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዛ በጣቷ ግንባራቸውን ነካችና "ወንድሜ፣ እማዬ መስቀል አላት እኮ እዚጋ" አለችኝ። የግንባራቸው ንቅሳት የለም። የአንገታቸውም የለም። ወደ ዋናው ተመልሼ ዙም ሳደርገው ግንባራቸው ላይ አራት አምስት ጠቆር ያሉ ነጥቦች አሉ፣ ያ ነው መስቀሉ፣ ኤአዩ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። የነጠላቸውን ጥለት ደግሞ ዝም ብሎ የማንም ሻርፕ አድርጎታል። "ቆንጆ ናት፣ ግን እማዬ አይደለችም" አለች፣ ተቆጥታ አይደለም፣ ቀስ ብላ። ሁለተኛ እንዲህ አይነት ፎቶ ሳልጠይቅ አልነካም ያልኩት ያኔ ነው።

ለምን እንደሆነ ግልፅ ነው። ጂኤፍፒጋን ፊት የተማረው ፍሊከር ከሚባል ሰው ፎቶ ሚለጥፍበት ድረገፅ ከተሰበሰቡ 70,000 ፎቶዎች ነው። ከነዛ ውስጥ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች እናት ስንት እንደምትኖር ገምቱት። በ2020 ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሰራ ፐልስ ሚባል ፊት ሚያጠራ ፕሮግራም ነበር፣ ሰዎች የባራክ ኦባማን ፎቶ ካሬ ካሬ እስኪሆን አሳንሰው ሰጡት፣ ነጭ ሰውዬ አድርጎ መለሰው። ኦባማ! መላው ዓለም ሚያውቀው ፊት። ማንም ማያውቃቸው የኛ እናቶችማ እንዴት ሊሆኑ ነው።

ፊደላችንም እንደዛው ነው። በሰ እና በሸ መሃል ያለው ልዩነት ከላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፣ ሊ እና ሌ ሚለዩት እግራቸው ስር ባለች ሰረዝና ቀለበት ነው። ፎቶው ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ኤአዩ ደግሞ የተደፈነችውን አይቶ ፊደል ሚመስል ግን ማይነበብ ነገር በጥራት ይስላል። የድሮ ሰርተፍኬት፣ ደብዳቤ፣ የመቃብር ፅሁፍ ፎቶ አጥራልኝ ሚል ሰው ሲመጣ ፅሁፉን አልነካም፣ ሚነበበውን አንብበን አዲስ እንፃፈው ነው ምለው። ሌባ ወይ ታርጋ ከካሜራ ላይ አውጣልኝ ሚለውንም አልቀበልም፣ ሰው ያለጥፋቱ ሊያዝ ይችላል። አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት በ2024 አንድ ዳኛ በግድያ ክስ ላይ በኤአይ የጠራ ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም ብለው መልሰውታል።

ጥሉት እያልኩ አይደለም። ዛፍ፣ ሳር፣ ግድግዳ፣ የምርት ፎቶ፣ ለባነር ሚሆን ጀርባ ላይ ግሩም ነው፣ አንድ ቅጠል ቢቀየር ማንም አያለቅስም። ፊት ላይ ስንሰራ ግን 2 ኤክስ ይበቃል፣ የፊት ማጥሪያውን አጥፉት፣ ትንሽ ብዥ ቢል ብዥ ይበል፣ ወረቀቱን አሳንሱት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ዋናውን ፎቶ ፈልጉት፣ ያነሳው ሰው ስልክ ላይ አሁንም ሊኖር ይችላል፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክላችሁ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል።

ለጎረቤታችን የሆነላት ከእናቷ አሮጌ መታወቂያ ላይ የነበረች ጉርድ ናት። 3 በ4 ሳንቲሜትር፣ ጥግ ላይ ማህተም ያረፈባት። በስልክ ከማንሳት ስካነር ላይ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ አድርጌ አስገባኋት፣ ከ700 በ900 በላይ ነጥብ ሰጠችኝ፣ 2 ኤክስ ብቻ አደረኳት፣ በኤ4 አተምኳት። የማህተሙ ሰማያዊ ቀለም አገጫቸው ስር ትንሽ ይታያል፣ ላጥፋው ስላት ተወው አለች። መስቀሉ አለ።