አጥር ውሃ አያቆምም፦ ስለ ረግረግና ስለ ግንባታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ረግረጋማ መሬት አጠገብ አዲስ ግንባታ ሲጀመር የምሰማው ወሬ ሁሌም አንድ ነው። አልሚው ይለወጣል፣ ኮንትራክተሩ ይለወጣል፣ ወሬው ያው ነው። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን መለካትና መከታተል ስለሆነ መልሱን አፌ ለምዶታል። እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«አሁን እኮ ደረቅ ነው፤ ምኑ ነው ረግረግ?»

በደረቁ ወቅት ይመጡና መሬቱን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «ይኸው፣ ድንጋይ ነው!» ይላሉ። ረግረግ ለመባል ዓመቱን ሙሉ ውሃ መተኛት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የረግረግ ስምምነት ራሱ ትርጉሙ ውስጥ «ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ» ብሎ አስቀምጦታል።

የተጠራጠረ ሰው አካፋ ይያዝ። የክንድ ያህል ይቆፍርና አፈሩን ይይ። ውሃ ብዙ ጊዜ የሚተኛበት አፈር አየር ስለሚያጣ መልኩ አመድማ ይሆናል። በሥሮች በኩል ትንሽ አየር የገባበት ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ ይዝግና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይሠራል። አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አመድማው መልክና ዝገቱ ፀሐይ ስለወጣ አይጠፉም። እንግዲህ ከጫማና ከአካፋ የትኛውን እንደምታምኑ ለእናንተ ልተወው።

«ትንሽ ናት፣ ምንም አታደርግም።» ዓሣ የማይኖርባት፣ ከዓመቱ ግማሹን የምትደርቅ ትንሽ ኩሬ ለብዙ እንቁራሪቶች ዋና መራቢያቸው ናት፤ እንቁላላቸውን የሚበላባቸው ዓሣ የለማ።

«ራምሳር ዝርዝር ውስጥ የለችም።» ስምምነቱ አገሮች ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አላቸው ብለው በዝርዝሩ ያስመዘገቧቸውን ብቻ ሳይሆን በግዛታቸው ያሉትን ረግረጎች ሁሉ በተቻለ መጠን በጥበብ እንዲጠቀሙባቸው ይጠይቃል። አንቀጽ 3ን ማንበብ ነው።

«አጥረነዋል፣ ሃምሳ ሜትርም ርቀናል፤ ምንም አይነካውም»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። አረንጓዴ መረብ ይዘረጋል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ይተከላል። ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርቱ ላይ ይለጠፋል። በቃ፣ ረግረጉ ተጠበቀ!

አጥር ኤክስካቫተር ያቆማል። ገልባጭ መኪና ያቆማል። ውሃ ግን አያቆምም፤ ብዙው ረግረግ ደግሞ የሚኖረው ከአጥሩ ውጭ በሚመጣ ውሃ ነው። ዝናቡ ከላይ ባለው ተዳፋት ላይ ይወርዳል። ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ከመሬት በታች ቀስ እያለ ይጓዝና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ታች ይወጣል። ዝናብ ካቆመ በኋላም ቄጤማው አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው። እናንተ ቤቱን የምትሠሩት የት ላይ ነው? ተዳፋቱ ላይ።

ተዳፋቱ ጣሪያና አስፋልት ሲለብስ ውሃው መስረጉን ይተዋል። በደቂቃዎች ውስጥ በቱቦ ተጠራርጎ ይወርዳል። ረግረጉ በዝናብ ቀን ይጥለቀለቃል፣ ከዚያ ለወራት የሚመጣለት የለም። የዓመቱ ድምር ሲሰላ ልዩነቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይሸወዳል። የተለወጠው መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው። እዚያ የሚበቅለውም የሚፈለፈለውም ነገር ኑሮውን የመሠረተው በጊዜው ላይ ነው።

የባሰው የማይታየው ነው። የፍሳሽ ቱቦ ሲቀበር ከሥሩና ከጎኑ ጠጠር ይደረግለታል። ትክክለኛ አሠራር ነው፣ ቱቦው አይሰበርም። ግን ጠጠሩ ራሱ የውሃ መንገድ ሆነ። ዙሪያው ያለው የሸክላ አፈር ውሃን በዝግታ ነው የሚያሳልፈው፤ ጠጠሩ ወዲያው ያሳልፈዋል። ወደ ረግረጉ ሲያዘግም የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ እዚያ ሲደርስ ይታጠፍና በጠጠሩ ውስጥ ይነጉዳል።

አንድ ሳይት ላይ ልክ ይኸው ገጠመን። አጥሩ እንከን አይወጣለትም፤ ረግረጉ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ክዳን እንኳ አልወደቀም። እኛ የከርሰ ምድር ውሃን የምንለካው ጎኑ በተሰነጣጠቀ የፒቪሲ ቱቦ ነው። ቱቦው ቀጥ ተደርጎ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ በአፉ በኩል ሜትር ይሰደዳል፣ የሜትሩ ጫፍ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል። ያኔ ቁጥሩን ማንበብ ነው። የዚያን ዕለት ሜትሩን እንሰዳለን፣ እንሰዳለን፣ ጢጥ የለም። ሲቆይ ከታች ጮኸ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይባስ ወርዶ አገኘነው።

ሳይት ኢንጂነሩ «ዘንድሮ ዝናቡ አንሷል እኮ» አለን። ሁሉም የሚለው ነው፤ አንዳንዴም እውነት ይሆናል። ደግነቱ ከግንባታው ርቆ ያለ፣ አፈሩም ተዳፋቱም የሚመሳሰል ሌላ ረግረግ ላይ ቱቦ ቀብረን ነበር። እዚያም የዘነበው ያው ዝናብ ነው፤ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። የፍሳሽ ቱቦው ቦይ በየመሃሉ ተከፈተ፣ ጠጠሩም በተጠቀጠቀ የሸክላ ግድግዳ ተቆራረጠ። ውሃው ተመልሶ ወጣ። ያው ሸክላ መጀመሪያውኑ ቦዩ ሲቆፈር ቢገባ ለፎርማኑ ከተራ የቀን ሥራ አያልፍም ነበር። ሁሉም ነገር ከተደፈነና ከተጠቀጠቀ በኋላ ግን ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ከሥራው በላይ ረዘመ።

ሃምሳ ሜትሩን አልንቀውም። ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ክፍተት ደለል ያስቀራል፣ ወፎችንም ከጫጫታው ያርቃል። ይኑር። ግን ስለ ውሃው ስጠይቃችሁ ስለ አጥሩ አትመልሱልኝ።

«ክትትሉን ግንባታው ሲጀመር እንጀምራለን»

ዘገያችሁ። ኤክስካቫተሩ ከገባ በኋላ የለካችሁት ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ዝናባማውንም ደረቁንም ወቅት ያየ ልኬት ከቁፋሮው በፊት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ቢሆን ይመረጣል፣ ዓመት ከዓመት ስለሚለያይ።

ውድ መሣሪያ አያሻም። የተቀበሩ ቱቦዎች፣ ኩሬው ውስጥ የቆመ ባለ መስመር እንጨት፣ ሳይቱ ላይ የራሳችሁ የዝናብ መለኪያ፣ እና ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ረግረግ። ራቅ ካለ ጣቢያ የሚመጣ የዝናብ ቁጥር አያስተማምንም፤ ዝናብ ከኮረብታው ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ፎቶም አንሱ፣ ግን ችካል ተክላችሁ ከዚያው ችካል፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ወር። ፀሐይዋ ስላማረች ብቻ የተነሳ ፎቶ ለማስታወቂያ እንጂ ለክትትል አይሆንም።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ችግር የለውም»

ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በዓይን አይታይም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባለው ኤቨርግሌድስ በሚባል ረግረግ የተቀመጠው የፎስፈረስ ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በንጥረ ነገር ድሃ የሆነ ውሃ የለመደው የአካባቢው ሣር ቦታውን ለፊላ እየለቀቀ ይሄዳል። ከአዲሶቹ ቤቶች የአትክልት ቦታ የሚታጠብ ማዳበሪያ ይህን ለማድረግ በቂ ሊሆን ይችላል። ናሙና ላብራቶሪ ይግባ፤ ከዝናብ በኋላ የተቀዳም ይኑርበት። ፀጥ ባለ ቀን ብቻ የሚቀዳ ናሙና ሁልጊዜ ያምራል።

«ደለሉን ራሱ ያጣራዋል፤ ሥራው አይደል?»

ግማሹ እውነት ነው። የህንዷ ኮልካታ ከተማ ፍሳሽ በምሥራቅ በኩል ባሉት ረግረጎች፣ ጥልቀት በሌላቸው የዓሣ ኩሬዎች ውስጥ እያለፈ ይጣራል፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2002 ራምሳር ዝርዝር ገብቷል። ያ ግን ሰው ኩሬውን እየጠረገ፣ ውሃውን እየመጠነ የሚያስተዳድረው ሥርዓት ነው። ከተገለጠ ቀይ አፈር የሚወርድ ጭቃ ሌላ ነው። እንቁላሉንም ቡቃያውንም ይቀብራል፣ ውሎ አድሮም ረግረጉን ሞልቶ ደረቅ መሬት ያደርገዋል።

ስለዚህ የምትቆፍሩትን ያህል ብቻ ግለጡ። ሙሉውን ተዳፋት በአንድ ሳምንት ልጣችሁ ዝናብ አትጠብቁ። የደለል መያዣ ኩሬ ከሁሉ በፊት ይቆፈር፣ ግማሽ ሳይሞላ ይጠረግ። የደለል መረብ ስትዘረጉ የታችኛው ጫፍ አፈር ውስጥ ይቀበር። ካልተቀበረ ጭቃው በሥሩ ሾልኮ ይሄዳል፤ መረቡ ለጌጥ ቆመ ማለት ነው። ይህን በየሳይቱ እየዞርኩ እናገራለሁ፣ በየሳይቱም መረቡ በአየር ላይ ተንሳፍፎ አገኘዋለሁ።

«የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው፣ ይደፈን።» ረግረግ ውስጥ ትንኝ ይፈለፈላል፣ አልክድም፤ የሚበሉትም እዚያው አሉ። የጎማ ዱካ ውስጥ፣ ክፍት በርሜል ውስጥና በተዘጋ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ግን የሚበላው የለም፤ መጀመሪያ ሳይታችሁን አድርቁ።

«ዛፍ እንትከልበት፣ ይጠቅመዋል።» ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፤ ረግረግ ማድረቅ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምክር ነው።

«ወንዙን በቀጥታ ቦይ ብናስይዘው ይሻለዋል»

ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ የሚባለውን ጠመዝማዛ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ቆፍረው ቀጥ ያለ ካናል አደረጉት። 166 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 90 ወረደ። ዳርቻው ያለው ረግረግ ደረቀ፣ ወፉ ሄደ። ከዚያ የካናሉን ከፊል መልሰው ለመድፈንና ወንዙን ወደ ጥምዝምዙ ለመመለስ በ1999 ሥራ ጀመሩ፤ ግንባታው ያለቀው በ2021 ነው። ሲያቀኑት ከፈጀው ጊዜ ሲመልሱት የፈጀው ከእጥፍ በላይ ነው።

«ብናደርቀው መሬቱ ይቀርልናል»

በእንግሊዝ ሆልም ፌን የሚባል ቦታ አለ። ሲያደርቁት እ.ኤ.አ. በ1851 አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ድረስ ቀበሩ። ዛሬ ጫፉ ከመሬቱ በላይ 4 ሜትር ያህል ወጥቶ ይታያል። ምሰሶው አላደገም፤ መሬቱ ነው የወረደው። ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራ ጥቁር አፈር ውሃው ሲወጣ ይጨማደዳል፣ ቀሪውን አየር ይበላዋል። እንዲህ ባለ አፈር ዳር ፋውንዴሽን የምታወጡ ሰዎች፣ ረግረጉ ባያሳዝናችሁ እንኳ ግድግዳችሁ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

«ይቺን እንውሰድ፣ ሌላ ቦታ እንሠራለታለን»

ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ኩሬ ነው የሚሰጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ከመላው ዓለም 621 ረግረጎችን ያየ ጥናት እንዳገኘው፣ ዳግም የተሠሩት ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በዕፅዋትና በእንስሳት ይዘታቸው ከተፈጥሮዎቹ በአማካይ ሩብ ያህል ያንሱ ነበር። የግድ ከሆነ አዲሱ መጀመሪያ ይሠራ፣ መያዙ ይታይ፣ ከዚያ ስለ አሮጌው እንነጋገራለን። «እናፈርሳለን፣ በኋላ እንሠራለን» የሚል ውል ላይ እኔ አልፈርምም።

«ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ ይገባል»

ይገባል፣ ማን ያነበዋል? ቁጥር ብቻውን ቁፋሮ አያስቆምም። ውሉ ውስጥ ከመነሻው ይጻፍ፦ ውሃው ከዚህ መስመር ከወረደ ምክንያቱ ይፈተሻል፣ ከዚያኛው ከወረደ ሥራ ይቆማል፤ የማስቆም ሥልጣን ያለውም ሰው በስሙና በስልኩ ይጠቀስ። ያ ሰው ደመወዙን ከኮንትራክተሩ የሚቀበል አይሁን። ልኬቱም ቁልፍ ርክክብ ላይ አይቁም፤ የዕፅዋቱ ለውጥ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሰው ቤቱ ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው። የመለኪያ ቱቦዎቹን ለነዋሪዎቹ ማኅበር አስረክቡ፣ ክዳናቸው ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ሜትሩ እንዴት እንደሚሰደድ ለሁለት ሰው አሳዩ። እና እባካችሁ፣ የመሬት ማስዋብ ሠራተኞቹ «ምንድን ነው ይሄ ቱቦ?» ብለው ከመቁረጣቸው በፊት ንገሯቸው።