ከጋዙ ሌላ፦ በጠባብ ዝግ ቦታ ያለው አደጋ ምንድን ነው?

ሰው ገብቶ መሥራት የሚችልበት፣ ግን መግቢያ መውጫው የጠበበ፣ ለመዋያ ያልተሠራ ቦታ ሁሉ በሥራ ደኅንነት ቋንቋ ጠባብ ዝግ ቦታ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሞልቷል፦ የሲሚንቶ ሳይሎ (ረጅም ማጠራቀሚያ)፣ የዱቄት ፋብሪካ ጎተራ፣ የቦቴ ሆድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በመንገድ ሥር ያለ የጎርፍ ቱቦ። ስለነዚህ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጋዝ ነው። እውነት ነው፣ ጋዝ ይገድላል። ግን አየሩ ንጹሕ ሆኖም የሚዞር፣ የሚናድና የሚፈስ ነገር ሰው ይጨርሳል፤ ይህን ደግሞ የጋዝ መለኪያ አይናገርም።

ሚክሰርን፣ ማለትም በሚዞር ዘንግና ክንፍ የሚያደባልቀውን ማሽን፣ እንውሰድ። ሠራተኛው "አጥፍቼዋለሁ" ብሎ ይገባል። ከአንዱ ክንፍ ላይ የደረቀውን እየቀጠቀጠ ሲያራግፍ ያ ወገን ይቀላል፤ ክብደቱ ወደ ሌላው ያደላና ዘንጉ ያለ ኤሌክትሪክ ይዞራል። እግር ለመስበር ግማሽ ዙር እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዘንጉ ታኮ ይደረግለታል ወይም ይታሰራል። ብሬከሩም ጠፍቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሚገባው ሰው ኪስ አይወጣም፤ ከዚያ ማስነሻው ተጭኖ አለመነሳቱ ይረጋገጣል። "እንዳትነኩ" የሚል ካርቶን አንጠልጥሎ መግባት በኔ እምነት ካለማጥፋት ብዙም አይሻልም፤ ተረኛው ሲቀየር ካርቶኑን ማን ያነበዋል?

ሳይሎ ሌላ ባሕርይ አለው። ከሥር ሲራገፍ ላዩ ተጋግሮ እንደ ጣሪያ ይቀራል፤ ከታቹ ግን ባዶ ነው። የረገጠው ሰው አብሮት ይሰምጣል። እስከ ደረቱ ከተቀበረ በኋላ አየር ባስወጣ ቁጥር እህሉ ወይም ሲሚንቶው እየጠበቀ ይይዘዋል፤ በእጅ ጎትቶ ማውጣት አይታሰብም። ከግድግዳ የተጣበቀውን ከታች ሆኖ መነካካትም ናዳ መጥራት ነው።

ሙቀቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ታንከር ውስጡ ከውጭው ይብሳል። በላብ የራሰ ሰው በብረት ተከብቦ 220 ቮልት መብራት ይዞ መግባት የለበትም፤ 24 ቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያስፈልገው።

ቱቦ ለሚጠርግ ቡድን ደግሞ ዋናው ውሃ ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 ሌሊት ከተማዋን ሲመታ ጎርፉ የመጣው ከደጋው ነበር። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶም ላይኛው አገር ሊዘንብ ይችላልና፣ ከመግባት በፊት በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።