የሐይቅ ዳር ቤት፦ ሲባል የሚሰማውና እውነታው

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች ቤት ፈላጊንም አልሚንም ይስባሉ። ቅድመ ክፍያ ከመከፈሉ በፊት ደጋግመው የሚሰሙ፣ ግን ትክክል ያልሆኑ አባባሎች እነሆ።

«ግቢው እስከ ውሃው ይደርሳል።»

ሻጭ በእጁ እየጠቆመ የሚናገረው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገዢ የሚያገኘው የሊዝ ይዞታ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። ይዞታው የሚያበቃው ካርታው ላይ የሰፈሩት የኮርዲኔት ነጥቦች (የግቢውን ማዕዘኖች የሚያሳዩ የቦታ ቁጥሮች) ላይ ነው። ውሃው ሸሽቶ ደረቅ መሬት ቢተው እንኳ ወደ ግቢው አይጨመርም።

«ከውሃው ይህን ያህል ሜትር ከራቁ ይበቃል።»

ለሁሉም ሐይቅ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ውስጥ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ መከልከል እንደሚቻል ይደነግጋል፤ መስመሩ የሚታየው በከተማው ፕላን ላይ ነው። ሐይቆቹም አይመሳሰሉም። ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ርቀቱ ከውሃው ብቻ ሳይሆን ከገደሉ አፋፍም መታየት አለበት። የጣሪያ ውሃ ወደ አፋፉ ከተለቀቀ ቦረቦር ይፈጥራል፣ ገደሉም ይናዳል። ጨለለቃ ደግሞ ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው፤ በመጋቢት የለካ ሰው ነሐሴ ላይ ይደነግጣል።

«በስልኬ አይቼዋለሁ፣ ከሐይቁ ሩቅ ነው።»

ብዙውን ጊዜ የካርታ ኮርዲኔት የሚሰጠው አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር የሚሰላበት መነሻ)፣ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ፍርግርግ ዞን 37 ላይ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ግን ደብልዩጂኤስ 84 የተባለ ሌላ ዳተም ይጠቀማል። ቁጥሩ ሳይቀየር እንዳለ ከገባ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፤ ሐይቅ ዳር ላይ ይህ ማለት ቦታው ውሃው መሃል ወይም ከሐይቁ ሩቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ቀያሹን ዳተሙን ይጠይቁ፣ ያስቀይሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ችካል ቆመው ይዩ። ችካል ያልተተከለበት ቦታ ላይ ገንዘብ አይከፈልም።

«አረንጓዴው ቦታ ወደፊት ይሸነሸናል።»

የጸደቀ ሳይት ፕላን ቤቶቹን ከዳርቻው ርቀው እንዲጠጋጉ የፈቀደው ያ ቦታ ክፍት እንዲቀር ብሎ ነው። ፕላኑ ሳይሻሻል ከዚያ ላይ የተሸጠ ፕሎት የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅበት ይወድቃል።

«ሴፕቲክ ታንክ ካለ ሐይቁ አይነካም።»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ታንኩ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ውሃውን አያጠራም፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘው ፍሳሽ በማስረጊያው ጉድጓድ ወደ መሬት ይገባል። በቢሾፍቱ ዙሪያ በብዙ ቦታ ከታች ያለው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ጉድጓዱ «አይሞላም» ተብሎ ይወደሳል፤ ችግሩ ግን መፍጠኑ ራሱ ነው፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ያልፋል። እነሆራ በወንዝ የሚወጣ መፍሰሻ የላቸውም፣ የገባው ይከማቻል። አልጌ ይበዛል፤ ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ብርድና ነፋስ ውሃውን ሲያገላብጠው ዓሣው ያልቃል።

ስለዚህ አልሚውን የሚጠይቁት የጋራ ማጣሪያ አለ ወይ፣ ከሌለም ውሃ የማያሳልፍ ታንክ አለ ወይ ብለው ነው። ታንክ ከሆነ የፍሳሽ ማንሻ መኪናው የት እንደሚቆም ያሳይዎት። ቁልቁለቱ ላይ በደረጃ በተሠሩ ቪላዎች የመኪናው ቱቦ ታንኩ ጋ ላይደርስ ይችላል፤ የማይደረስበት ታንክ ሞልቶ ወደ ታች ይፈስሳል። ቦታው ከቢሾፍቱ ውጭ፣ በገፈርሳ፣ በለገዳዲ ወይም በድሬ ግድብ ተፋሰስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፍሳሹ የሚወርደው አዲስ አበባ ወደምትጠጣው ውሃ ነው።