የርችት ሽያጭ ይገደብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ፣ ጅራቱን እግሩ መሃል ወሽቆ ጓዳ የሚገባ ውሻ ያየ ሰው፣ የርችት ድምፅ እንስሳትን ያስፈራልና ሽያጩ ይበልጥ ይገደብ የሚሉት ሰዎች ነገር ቶሎ ይገባዋል።

እንግሊዝ አገር ርችት አልተከለከለም። የተገደበው ሽያጩ ነው። ልዩ ፈቃድ የሌለው ሱቅ ለሕዝብ የሚሸጠው በበዓላት ሰሞን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 10። ፈቃድ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ሰውን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፤ እውነትም ቀዳዳው ሰፊ ነው።

የርችቱ ድምፅ ጣሪያ 120 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ለውሻ ጆሮ ይሄ መዓት ነው! የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ወደ 90 ይውረድ ይላሉ።

የሽያጩ ገደብ ቢጠብቅም አደባባይ ላይ የሚተኮሰው አይቀርም። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ቀኑም ሰዓቱም ቀድሞ ይነገራል፤ ውሻን በጊዜ ቤት ማስገባት ይቻላል።