አካሮይድ፦ ሙጫን ከመዥገር ዘመድ ጋር ያጋባ ቃል

ባለፈው ሰሞን አንድ አናጺ ወዳጄ ፎቶ ላከልኝ። የድሮ የቫርኒሽ አሠራር መጽሐፍ ገጽ ነው። ከግብዓቶቹ አንዱን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦበታል፦ «አካሮይድ ሬዚን»። ከሥሩ ደግሞ «መዝገበ ቃላት ሳይ ማይት የሚመስል ይላል። ይሄ ነገር ከተባይ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብሎ ጽፏል።

ማይት ማለት የመዥገር የቅርብ ዘመድ ናት። አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አትታይም። እከክ የምታመጣውም አንዷ ዓይነት ናት። እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ለምን አንድ ቃል ሁለቱንም እንደያዘ መመለስ አቃተኝ። መፈለግ ጀመርኩ። ስፈልግ ያገኘኋቸውን የተሳሳቱ ግምቶች፣ የራሴንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ላውጋችሁ።

«አካሮይድ ሬዚን ማይት የሚሠራው ሙጫ ነው»

ግምቱ የሞኝ ግምት አይደለም። አናጺዎች የሚያውቁት ሼላክ በእርግጥ የነፍሳት ሥራ ነው። ህንድና አካባቢው ኬሪያ ላካ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የዛፍ ፈሳሽ ትመጥና ቅርንጫፉን በሙጫ ትሸፍነዋለች። ያ ተፍቆ፣ ተጣርቶ ሼላክ ይሆናል። ሼላክን የሚያውቅ ሰው አካሮይድንም እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አካሮይድ ግን ከተክል ነው የሚገኘው። ተክሉ ዛንቶሪያ ይባላል፤ በተፈጥሮ የሚበቅለው አውስትራሊያ ብቻ ነው። ምስሉን ያየ ሰው አይረሳውም። ግንዱ በእሳት የጠቆረ ምሰሶ ይመስላል። አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተንጨፈረረ ረጅም ሳር አለው። ከጎፈሬው መሀል ደግሞ እንደ ጦር ቀጥ ያለ የአበባ ዘንግ ይወጣል። ሙጫው የሚወጣው ከቅጠሎቹ ሥር ነው። አሮጌ ቅጠል ሲረግፍ ሥሩ ይቀራል፤ እነዚያ ቅሪቶች በሙጫው ተጣብቀው ተደራርበው ግንድ የምንለውን ይሠራሉ። ቢጫም ቀይም ዓይነት አለው። የተክሉ ስም ዛንቶሪያ ራሱ በግሪክ «ቢጫ ፈሳሽ» እንደማለት ነው።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች ፈረንጅ ሳይመጣ በፊት ጥቅሙን ያውቁ ነበር። ሙጫውን በእሳት አለስልሰው የድንጋይ ስለትን ከእጀታው ጋር ያጣብቁበታል። የአበባውን ዘንግ ለጦር ዘንግ ይጠቀሙበታል። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ያሉት ኑንጋሮች ተክሉን ባልጋ ይሉታል። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ያወጡለት ስም ደግሞ ዘረኛ ስለነበር ዛሬ ተትቷል። እነሱ ሙጫውን ለቫርኒሽና ለማሸጊያ ሰም አዋሉት። ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲሠራ ደግሞ ፒክሪክ አሲድ የሚባል ፈንጂ ይወጣዋል። ከጦር ማጣበቂያ ወደ ፈንጂ! የአንድ ሙጫ ዕጣ እንዲህ ይለያያል።

በነገራችን ላይ በእንግሊዝኛ የሚጠሩት «የሳር ዛፍ» ብለው ነው። ሳርም አይደለም፣ እንጨት ያለው ዛፍም አይደለም። ቤተሰቡ የእሬት ቤተሰብ ነው።

«ሁለቱ ትርጉሞች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው»

እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሙጫው ማይት የሚያህል እንክብል ስለሚመስል ይሆናል ብዬ ነበር። ሰው ምክንያት ሲያጣ ይፈጥራል።

የማይቷ ቃል የመጣው ከግሪኩ «አካሪ» ነው። የቃሉ አመጣጥ እንደሚተረከው «አ» አፍራሽ ናት፤ ቀሪው መቁረጥ ከሚለው ግስ ነው። ስለዚህ አካሪ ማለት ከማነሷ የተነሣ ልትቆረጥ የማትችል ማለት ነው። አቶም የሚለውም ቃል ትርጉሙ ያው «የማይቆረጥ» ነው፤ ግሱ ግን ሌላ ነው። አርስጦትል ያረጀ ሰም ውስጥ ስለምትገኝና ከእንስሳት ሁሉ ታናሽ ስለምትመስል ፍጥረት ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ስም ነው።

የሙጫው ቃል ሌላ ታሪክ አለው። ዳንኤል ሶላንደር የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር፤ ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም መስጫ ሥርዓት ያወጣው የሊኒየስ ተማሪ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ኩክ ጋር በመርከብ አውስትራሊያ ደረሰ። ለዚህ ተክል ከተሰጡት የጥንት ስሞች አንዱ ከእሱ የመጣው «አኮሮይድስ» ነው። አኮረስን የሚመስል ማለት ነው። አኮረስ ረግረግ ቦታ የሚበቅል፣ ሥሩ የሚሸት፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅም የሆነ ተክል ነው። አበባውም ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ዱላ ይወጣል። «አኮ» በንግድና በጽሑፍ ሲንከባለል «አካ» ሆነ። አንዲት አናባቢ ተለወጠችና ሙጫው የመዥገር ዘመዶች ጓሮ ገባ።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ፈረንጅ ላይ መሳቅ አንችልም። ድኅነት መዳን ነው። ድኽነት ማጣት ነው። ሁለቱንም «ድህነት» ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። «ለድህነታችን መጣ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ሳነብ ሁሌ ቆም እላለሁ። ለየትኛው?

«አካሮይድ ማለት ማይት ማለት ነው»

አይደለም፤ «ማይት መሰል» ማለት ነው። «ኦይድ» በግሪክ መልክ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሐኪም ቤት የምንሰማው ታይሮይድ «ጋሻ መሰል» ነው። አስትሮይድም «ኮከብ መሰል» ነው እንጂ ኮከብ አይደለም።

«ማይት ነፍሳት ናት»

እግር መቁጠር ነው። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው። ያደገች ማይት ግን እንደ ሸረሪት ስምንት አላት። ያደናገረው ምናልባት ከእንቁላል የወጣችው ሕፃን ስድስት እግር ብቻ ስላላት ይሆናል። አካሪ የሚባለው ይህ ወገን መዥገርንም ያቅፋል፤ ስም የወጣላቸው ዓይነቶች ከ50,000 በላይ ናቸው። ከብት ያለው ሰው ቃሉን ሳያውቀው ያውቀዋል። ለመዥገር የሚረጨው መድኃኒት አካሪሳይድ ይባላል፤ አካሪ ገዳይ ማለት ነው።

የእከኳ ማይት ሳይንሳዊ ስም ደግሞ ሳርኮፕተስ ነው፤ «ሥጋ ቆራጭ»። ልትቆረጥ አትችልም የተባለችው ወገን ቆራጭ ወለደች። ሴቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች፤ ቆዳ ውስጥ ዋሻ ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች። እከክ የያዘው ሰው ሁሉ ንጽሕና የጎደለው ነው የሚለው ሐሜትም እዚህ ጋ ይቁም። የምትተላለፈው በዋናነት ቆዳ ለቆዳ ረዘም ያለ ንክኪ ሲኖር ነው። በየቀኑ የሚታጠብ ሰውም ከታመመ ሰው ጋር አንድ አልጋ ከተኛ ሊይዘው ይችላል።

«ሙጫ ስለሆነ ከአካሺያ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ሁሉም ያው ነው»

አካሺያ የእኛው ግራር ነው። ገም አራቢክ የሚባለው ሙጫ ከግራር ስለሚገኝ፣ ስሙም ስለሚቀራረብ አካሮይድን ከግራር የሚያዛምድ ሰው አጋጥሞኛል። ዝምድና የላቸውም።

ትልቁ ጣጣ ግን አማርኛችን «ሙጫ» ብሎ ሁሉንም ማጠቃለሉ ነው። ልጅ ሆነን የግራር ሙጫ ለቅመን አፋችን ውስጥ ስንጨምር ቀስ ብሎ ይሟሟል። ዕጣን ቢታኘክ ግን ማስቲካ ይሆናል እንጂ አያልቅም። ልዩነቱን ለማየት አንድ ማታ አራት ብርጭቆ ደረደርኩ፦ ሁለቱ ውሃ፣ ሁለቱ አልኮል። የግራሩ ሙጫ ጠዋት ውሃው ውስጥ የለም፤ ውሃው ወፍሯል። አልኮሉ ውስጥ ግን እንደ ጠጠር ተቀምጧል። ዕጣኑ ሁለቱንም ነካክቷቸዋል፤ ውሃውን ወተት አስመስሎታል፣ አልኮሉን ቢጫ አድርጎ ነጭ ዝቃጭ ትቷል። ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ ገም ይባላል፤ ውሃ የማያሟሟው፣ አልኮል የሚያሟሟው ደግሞ ሬዚን። ዕጣን ሁለቱንም ይዟል። አካሮይድ ንጹሕ ሬዚን ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፣ ውሃ አይነካውም። በእንግሊዝኛ «አካሮይድ ገም» የሚሉት ስለዚህ ሌላ ስህተት ነው። ለቫርኒሽ የተፈለገውም ለዚሁ ነው፤ በውሃ የሚለቅ ቫርኒሽ ማን ይገዛል?

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ለወዳጄ ጻፍኩለት። «ከተባይ አይደለም፤ የእሬት ዘመድ ነው» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ መለሰ፦ «እንግዲያው ይመራል ማለት ነው?»

አልቀመስኩትም።