«እናንተ እንግዶች»፦ ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ውጭ ዜጎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ዓመት ስለ ኑሮ ውድነት በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ የከተማችን ተመራጭ ንግግር ሲያደርግ ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ሻይ ቤት ስንገናኝ «አንተ» እየተባባልን ከአንድ ሳህን ፈቲራ የምንበላ ሰው ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ዐይኑን ወደ እኛ ጥግ ወረወረና «እናንተ እንግዶች» አለ። ከ«አንተ» ወደ «እናንተ» ለመሻገር የወሰደበት ጊዜ ከወንበሩ እስከ ማይክሮፎኑ ያለውን ያህል ነው።

እኔ በወረቀት የየመን ዜጋ ነኝ። አያቴ ከኤደን በጂቡቲ በኩል መጣ፤ አባቴም እናቴም እኔም የተወለድነው ድሬዳዋ ነው። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ የሰው ደረሰኝና መዝገብ ሳገላብጥ ነው ያደግሁት። ከስብሰባው በኋላ ስድስት ሆነን ተሰባሰብን፤ ሁለት የመኖች፣ አባቱ ግሪክ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ፣ አንዲት የጂቡቲ ሴትና አንድ ሱዳናዊ። መድረኩ ላይ ለተባለው መልስ የሚሆን አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ከታች ያለው ከዚያ ደብዳቤ የወጣ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ያልገቡ አንዳንድ ነገሮችም አክዬበታለሁ። በየርእሱ በጥቅስ ውስጥ ያለው ስለ እኛ የሚባለው ነው፤ ከሥሩ ያለው መልሳችን ነው።

«ትናንት የመጡ ናቸው»

የከተማው ዕድሜ ራሱ ያን ያህል አይደለም። ሐዲዱ ከጂቡቲ ሲነሣ መድረሻው ሐረር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል መሐንዲሶቹ ዳገቱን ትተው ከሥሩ ሜዳው ላይ ጣቢያ ሠሩ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሰፈሩንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአገሪቱ ዕቃ የሚወርደውም የሚጫነውም እዚህ ነበርና ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ጣሊያኑና የመኑ ሥራ ፍለጋ እዚሁ ወረደ። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የባቡሩ ኩባንያ ንድፍ ናቸው። ጣቢያውን ዛሬም «ለገሀር» የምንለው ፈረንሳይኛ ነው፤ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ደግሞ ፈረንሳይኛን እንደ ሰፈር ቋንቋ ይናገረው ነበር።

ከባቡሩ በፊት ቦታው ባለቤት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የኢሳ፣ የጉርጉራና የኖሌ ጎሳዎች ከብት እዚህ ይውል ነበር። እነሱ «ቀድመናችኋል» ቢሉኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ተናጋሪያችን ግን በ1980ዎቹ በሥራ ዝውውር የመጣ ሰው ነው፤ አያቴ ከባቡር ከወረደ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት እሱን «መጤ» ለማለት አይደለም። የመምጣት ቀን እንቁጠር ከተባለ ግን ቆጠራው ማንን እንደሚያስቀድም አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እነዚሁ ባለሥልጣናት እንግዳ ሲመጣባቸው ሐረር ወስደው «የራምቦ ቤት» እያሉ ያስጎበኛሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ በሐረር ይነግድ የነበረ ሰው ነው፤ ቤቱን ግን እሱ ከሞተ በኋላ ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። የውጭ ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ሲሞላው ቅርስ ይሆናል፤ በሕይወት ሳለ ግን የኑሮ ውድነት መንስኤ ነው።

«እዚህ ተወልደው ዜግነት ያልወሰዱት ልባቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው»

ይህኛው ቀስ ብሎ መታየት አለበት፤ ክፉ ያልሆኑ ሰዎችም ከልባቸው ያምኑታል።

የኢትዮጵያ ሕግ ዜግነትን የሚቆጥረው በደም እንጂ በተወለዱበት መሬት አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግም፣ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በዚህ አንድ ናቸው። ከወላጆችህ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኢትዮጵያዊ ነህ። ሁለቱም የውጭ ዜጋ ከሆኑ ከዚራ ብትወለድም፣ አባትህም ከዚራ ቢወለድ፣ ልጅህም ከዚራ ቢወለድ የውጭ ዜጋ ነህ።

በማመልከቻ ማግኘት ይቻላል። ቢያንስ አራት ዓመት መኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ፣ ከወንጀል ቅጣት ነጻ መሆን ይጠየቃል። በቋንቋው በኩል እኛ ከተጠየቅነው በላይ አለን፤ የድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቅል አይታወቀውም። የሚያስቸግረው ሌላው መስፈርት ነው። ጥምር ዜግነት ስለማይፈቀድ ከቀድሞው ዜግነትህ መለቀቅህን፣ ወይም የኢትዮጵያን ስታገኝ ልትለቀቅ እንደምትችል፣ አለዚያም አገር አልባ መሆንህን ማሳየት አለብህ። ጦርነት ላይ ካለች የመን ይህን ወረቀት ማውጣት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። አባቴ ማመልከቻውን ጀምሮ መሐል ላይ አቆመ፤ ፎቶግራፎቹ እስካሁን ከፖስታው አልወጡም።

የዚህ ተቃራኒ ስሕተትም አለ፤ እንዲያውም እሱ ይከፋል። ከተማው ውስጥ «አረብ» የሚባሉት ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች አይደሉም። እናታቸው ወይም አያታቸው ሐረሪ፣ ኦሮሞ ወይም አማራ ስለሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ሲወለዱ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ናቸው። የአጎቴ ልጅ አንዷ ናት። መታወቂያ ልታሳድስ በሄደችበት መስኮት ላይ የነበረው ሠራተኛ ስሟን አነበበ፤ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተና «የመኖሪያ ፈቃድሽስ?» አላት። የእናቷን የልደት ማስረጃ፣ የአያቷን የእድር ደብተር ሳይቀር ስታቀርብ ሁለት ሳምንት አለፈ። መድረክ ላይ «እንግዶች» የሚለው ቃል ሲነገር ሕጉን የማያገላብጥ ሠራተኛ ጆሮ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ሆኖ ነው።

«ግብር አይከፍሉም»

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ለግብር ጉዳይ ነዋሪ ነው፤ ስለ ፓስፖርቱ ቀለም የሚጠይቀው የለም። የእኔ ግብር የሚቆረጠው ደመወዜን በዐይኔ ከማየቴ በፊት ነው፤ የሚቆርጠውም ሰው እኔው ራሴ ነኝ።

ልዩነት ካለ ያለው በሌላ በኩል ነው። በየወሩ የባልደረቦቼን የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ አስልቼ አስገባለሁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የሚሸፍነው ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ስለሆነ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የእኔ ስም የለም። በተወለድኩበት ከተማ ለመቀጠርም የሥራ ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ለሦስት ዓመት የሚሰጥ፣ በየዓመቱ የሚታደስ።

«ቤቱንና መሬቱን ይዘውታል»

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ኢትዮጵያዊውም አይሸጠውም። ቤትን በሚመለከት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ሲከለክል ኖሯል። አያቴ ከአንድ አርመን ተከራይቶ የገባበት ቤት በ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቶች አዋጅ ተወረሰ፤ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ስለተሰጡ ከዚያ ወዲህ ኪራዩን ለቀበሌ ስንከፍል ኖርን። አርመኑ ወጥቶ ሄደ። የድሬን ግሪኮችና አርመኖች «የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱ በአብዛኛው እዚያ ዓመት አካባቢ ነው።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለውጭ ዜጎች በር የሚከፍት አዋጅ ማጽደቁ እውነት ነው። ግን መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። የስድስታችንን ኪስ አንድ ላይ ብናራግፍ ለበሩ መቀርቀሪያ አይበቃም።

«ንግዱን ተቆጣጥረው ኑሮ አስወደዱ፤ ኮንትሮባንዱም የእነሱ ነው»

የውጭ ባለሀብት ለብቻው ኢንቨስት ለማድረግ በ2012ቱ አዋጅ በመደበኛነት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ማስገባት አለበት። ችርቻሮና ጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ዝግ ሆኖ ቆይቶ በቅድመ ሁኔታ የተከፈተው ገና በ2016 ዓ.ም. ነው። ዋጋ መናር የጀመረው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። ኋላም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህን የወሰነው የከዚራ ግሪክ አይደለም።

ኮንትሮባንድን በተመለከተ አጭር ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከጠረፍ እስከ ድሬ ድረስ የሚያሻግረው፣ የሚጭነው፣ የሚያራግፈው፣ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገብቶ ተከራክሮ የሚገዛው ማን ነው? ተናጋሪያችን በዚያ ቀን የለበሰውን ሱሪ የት እንደገዛው አውቃለሁ፤ አብረን ነበርን።

«ከሕዝቡ ጋር አይቀላቀሉም»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ደብዳቤውን ስንጽፍም በዚህ ነጥብ ተከራክረናል። ከእኛ ሽማግሌዎች ውስጥ ልጃቸውን ለአገሬው ሰው አልድርም ብለው የሞቱ ነበሩ፤ ወንዶቻቸው ግን ከአገሬው ሲያገቡ ምንም አይሉም ነበር። አዲሱን የባቡር መስመር ሊሠሩ የመጡት ቻይናውያንም ብዙዎቹ ከካምፕ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ካምፕ ሲመላለሱ አይተናል። ይህ እንዳልነበረ ማስመሰል አያስፈልግም።

ነገር ግን የሐምሌ 1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ቃል በጅምላ ሊናገረው ይከብደዋል። የደቻቱ ወንዝ በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው። ያን ሌሊት ዝናቡ የዘነበው ከላይ ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ጋ የመጣው መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚፋጭበት ድምፅ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከጫማዎቹ አንዱ የሌላ ሰው። ከእድሩ ሰዎች ጋር አስከሬን ሲፈልግ ነበር። እናቴ ሆጃ አፍልታ ሰጠችው፤ ሳይጠጣው ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። የእድሩ ደብተር ላይ ስሙ በ43ኛው ተራ ቁጥር ሰፍሯል። ዜግነት የሚል ዓምድ ደብተሩ ላይ የለም።

«የውጭ ዜጋ ፖለቲካ አያገባውም፤ ዝም ይበል»

ድምፅ መስጠትና መመረጥ የዜጋ መብት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የሚናገረው ስለ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። እኛም አልጠየቅንም። ነገር ግን ሐሳብን ስለመግለጽ የሚናገረውን አንቀጽ 29ን፣ በሰላም ስለመሰብሰብና አቤቱታ ስለማቅረብ የሚናገረውን አንቀጽ 30ን አብሮ ማንበብ ነው። እዚያ የተጻፈው «ማንኛውም ሰው» ነው። አርቃቂዎቹ «ዜጋ» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ በፈለጉበት ቦታ ጽፈውታል።

እንደ እኔ አስተያየት ለፖለቲከኛ በውጭ ዜጋ ላይ መናገር የሚቀለው ስለሚጠላው አይደለም። የእኛን ተመራጭ አውቀዋለሁ፤ አይጠላኝም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአገሬው ነጋዴ ላይ ቢናገር ድምፅ ያጣል፣ በገንዘብ ፖሊሲው ላይ ቢናገር ከበላዮቹ ይጣላል፤ በእኛ ላይ ቢናገር ግን ምንም አይጎድልበትም። ወጪ የሌለበት ንግግር ነው።

ደብዳቤውን ይዘን ቢሮው የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ሻይ አስመጣልን። አራቱንም ገጽ ሳይዘል አነበበ፤ አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለ፣ የሱሪው ነገር ደብዳቤው ውስጥ አልነበረምና ምኑ እንዳሳቀው አላወቅሁም። ከዚያ ቀና ብሎ «አማርኛውን ማን ጻፈላችሁ?» አለ።

«እኔ» አልኩት።

የመጨረሻውን ገጽ ገልብጦ ጀርባውን አየና «ማኅተም የለውም» አለ። ወደ ጸሐፊዋ መራን። ጸሐፊዋ መዝገቧን ገልጣ ቁጥርና ቀን ሞላች፤ «ላኪ» የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንሥታ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ነዋሪዎች» አልኳት። ጻፈችው።