ኢራስመስ፦ የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥና የገንዘብ ድጋፉ

ኢራስመስ የአውሮፓ ኅብረት በራሱ በጀት የሚያካሂደው የትምህርት ልውውጥ መርሐ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር ከ11 አገሮች የተውጣጡ 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ኢራስመስ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘቡ ነው፤ በወር ስንት ይከፍላል፣ የአውሮፕላን ትኬትስ ይችላል ወይ ይባላል። መርሐ ግብሩን የወለደው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ተማሪው በሰው አገር የተማረው ትምህርት ወደ አገሩ ሲመለስ ይያዝለታል ወይ?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት ጣሊያናዊቷ ፕሮፌሰር ሶፊያ ኮራዲ ናቸው። በወጣትነታቸው የፉልብራይት ስኮላርሺፕ አግኝተው ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ሠርተው ነበር። በ1958 ሮም ተመልሰው ይኸው እንዲያዝላቸው ሲጠይቁ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አልተቀበሏቸውም። አሜሪካ ለሽርሽር ሄዳ የመጣች ልጅ ተደርገው ተቆጠሩ፤ በሌሎች ተማሪዎች ፊትም ተዋረዱ። እርሳቸው ግን ቁጭታቸውን ወደ ሥራ ለወጡት። በ1969 ለጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ሬክተሮች ጉባኤ ሲሠሩ አንድ ሰነድ አዘጋጁ፦ ተማሪ በውጭ አገር የሚወስዳቸው ኮርሶች አስቀድመው በራሱ ዩኒቨርሲቲ ከጸደቁ፣ ሲመለስ ያለ ተጨማሪ ፈተና ይያዙለት የሚል። ይህን ሐሳብ ይዘው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ደጅ ጠንተዋል። አገራቸው «እማማ ኢራስመስ» የሚል ስም ሰጥታቸዋለች፤ ስሙ ይገባቸዋል።

ሐሳቡ ወደ ሕግ የተለወጠው በቀላሉ አይደለም። ዣክ ዴሎር የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን የትምህርት ጉዳይ የተሰጣቸው ስፔናዊው ኮሚሽነር ማኑኤል ማሪን ዕቅዱን ለአባል አገሮች ሲያቀርቡ በጀቱ አጨቃጨቀ። ሚኒስትሮቹ ገንዘቡን እጅግ ስለቀነሱት በ1986 መጨረሻ ኮሚሽኑ ዕቅዱን እስከ መሳብ ደረሰ። በ1985 የተመሠረተው ኤጌ የተባለው የተማሪዎች ማኅበርም የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ሚቴራንን በማግባባት ጉዳዩ እንዲነቃነቅ ረድቷል። በመጨረሻ ሰኔ 15 ቀን 1987 ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 85 ሚሊዮን ኤኩ ተመድቦለት ጸደቀ፤ ኤኩ ከዩሮ በፊት የነበረው የአውሮፓ የሒሳብ መለኪያ ነው። መጠሪያው ረጅም የእንግሊዝኛ ስያሜ ምሕጻር ቢሆንም ታስቦበት የተገጣጠመ ነው፤ በፓሪስ፣ በካምብሪጅ፣ በቱሪን፣ በሉቨንና በባዝል እየተዘዋወረ የተማረውንና ያስተማረውን የሮተርዳሙን ሊቅ ኢራስመስን ለማስታወስ።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ወረቀት ማየት ይበቃል። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚሞላው የትምህርት ስምምነት ሁለት ሠንጠረዦች አሉት። በአንደኛው በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ይዘረዘራሉ፤ በሁለተኛው በራሱ ዩኒቨርሲቲ በእነዚያ ምትክ የሚያዙለት ኮርሶች ይጻፋሉ። ከታች ሦስት ፊርማ ያርፋል፦ የተማሪው፣ የላኪውና የተቀባዩ። ከዚያ በኋላ ላኪው «ይህን ኮርስ አላውቀውም» ሊል አይችልም። ኮራዲ ሮም ላይ በእጃቸው ያልነበረው ወረቀት ይህ ነው። ስምምነቱ እንዲሠራ ደግሞ አንድ የጋራ መስፈሪያ ስላስፈለገ በ1989 የአውሮፓ የክሬዲት ዝውውር ሥርዓት በሙከራ ተጀመረ። የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ክፍል ውስጥ መቀመጡም፣ ቤተ መጻሕፍት ማምሸቱም፣ ፈተናውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በ1999 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ 29 አገሮች የፈረሙት የከፍተኛ ትምህርት ስምምነት ይህን መስፈሪያ ከልውውጥ አልፎ የመላው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ቋንቋ አደረገው።

ለአውሮፓውያን ተማሪዎች የሚሰጠው ገንዘብ መደጎሚያ ነው እንጂ ሙሉ ወጪ አይሸፍንም። ተማሪው ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የወር ድጎማው መጠን በሚሄድበት አገር የኑሮ ውድነት ይወሰናል። ከ2021 ጀምሮ ኑሮ ለከበዳቸው ተማሪዎች በወር 250 ዩሮ ይጨመራል። ጭማሪው መምጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል። ቤተሰቡ መደጎም የማይችል ልጅ የቤት ኪራይ በናረባቸው ከተሞች በድጎማ ብቻ ስድስት ወር መክረም ስለማይሆንለት፣ ዕድሉ ለዓመታት ያዘነበለው ወደ ደኅና ኑሮ ቤተሰብ ልጆች ነው።

መርሐ ግብሩ በ2014 የወጣቶችንና የሙያ ሥልጠና ልውውጦችን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ «ኢራስመስ ፕላስ» ተባለ። ከ2021 እስከ 2027 ላለው ጊዜ የተመደበለት 26 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ከ27ቱ የኅብረቱ አባላት ሌላ ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ሊክተንስታይን፣ ቱርክ፣ ሰርቢያና ሰሜን መቄዶንያ ሙሉ ተሳታፊዎች ሆነው ገብተዋል። ፖለቲካ ግን ሳይነካው አልቀረም። ስዊዘርላንድ በ2014 ስለ ፍልሰት ካደረገችው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ከሙሉ ተሳትፎ ወጣች። ብሪታንያ ኅብረቱን ስትለቅ ልውውጡንም ትታ በ2021 ቱሪንግ የተባለ የራሷን መርሐ ግብር ከፈተች። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በፋውንዴሽን ሥር የሚተዳደሩ የሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የገንዘብ ውል እንዳይፈርሙ ኅብረቱ አገደ። ከመንግሥታት ጠብ ጋር ምንም የማያገናኘው ተማሪ ዋጋ ሲከፍል ማየት ያሳዝናል።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ኢራስመስ ሁለት በር አለው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያው በ2015 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የክሬዲት ልውውጥ ነው። ተማሪው በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲው እንደተመዘገበ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ሄዶ ይመለሳል፤ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮና የጉዞ ድጎማ ያገኛል። ለዚህ ግን በግል ማመልከት አይቻልም። ዩኒቨርሲቲው ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ነው። ማስታወቂያው አንዳንዴ ሰሌዳ ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ቢሮውን ደጋግሞ ማየት አይከፋም።

ሁለተኛው በ2004 የተጀመረው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። ይህ የሙሉ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲሆን ቢያንስ በሦስት አገሮች ያሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ያስተምሩታል፤ ተማሪውም ቢያንስ በሁለት አገር ይማራል። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በወር 1,400 ዩሮ ቢበዛ ለ24 ወራት ይከፈለዋል። ማመልከቻው በቀጥታ ለእያንዳንዱ መርሐ ግብር በድረ ገጹ ይገባል፤ አብዛኞቹም የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ «ተቀብለንሃል፣ ነገር ግን በራስህ ወጪ» የሚል መልስ ስኮላርሺፕ አይደለም፤ በደስታ ተቻኩሎ ሥራ የሚለቅ ሰው በኋላ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ አሁን የጉዞና የቪዛ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ከ1,400ው ዩሮ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያ ደርሰው የባንክ ሒሳብ ከከፈቱ በኋላ ነው። ለትኬትና ለመጀመሪያው ወር የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሰነድ ማሟላቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልጨረሰ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት ይቸገራል፤ ጊዜያዊ ዲግሪና የተማሪ ኮፒ ደግሞ ሁሉም መርሐ ግብር አይቀበልም። ስለዚህ የሰነዱ ሥራ መጀመር ያለበት ማመልከቻው ከመከፈቱ ወራት በፊት ነው። የስም ነገርም አለ። የአውሮፓ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንደረድራለን። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከገባ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። ዮሐንስ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በሁለት ኤን፣ ዲግሪ ላይ በአንድ ኤን ተጽፎ ሲገኝም ሙሉ ማመልከቻ የሚያስተጓጉል ጣጣ ይሆናል። መነሻው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ይስተካከል።

ከኢራስመስ ውጭ ያሉት በሮች ጥቂት አይደሉም። በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳድ፣ በኢትዮጵያ መምህራንና ተመራማሪዎች ዘንድ የቆየ ስም አለው። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ያለ ስኮላርሺፕ የሚሄድ ተማሪ ግን ለቪዛው የዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ይህም ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ይህን ቁጥር አይጨምርም። ስዊድን ከ2011፣ ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ያስከፍላሉ። በስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያውያን ሲወዳደሩ ቆይተዋል፤ ይህ ስኮላርሺፕ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ማጣሪያው በአገር ቤት በትምህርት ሚኒስቴር በኩልም ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው ፍሌሚሽ የሚባሉት በቤልጂየም የደች ቋንቋ ተናጋሪ ክፍል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቀሌ፣ ከጅማና ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመሠረቱት የረጅም ጊዜ ትብብር ነው። የዶክትሬት ተማሪው ቤልጂየምና አገር ቤት እየተመላለሰ፣ የምርምር ርእሱን ከገዛ አካባቢው ይዞ ይሠራል። ሰው አገሩን ሳይለቅ የሚማርበት እንዲህ ያለ አሠራር በዝቶ ቢታይ እወዳለሁ።

ለኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከት ምንም ክፍያ የለውም። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ የሚሸጠው በነፃ የሚገኘውን ቅጽ ነው፤ ምርጫው ላይ እጁ የለበትም።

ከመመለሻው ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ይቀራል። የውጭ ዲግሪ ይዞ የተመለሰ ሰው የአቻ ግምት ለማግኘት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይሄዳል። የሙንዱስ ዲግሪ አንዳንዱ የሦስት ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው፤ አንዳንዱ ከየዩኒቨርሲቲው ለየብቻ የሚሰጥ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ነው። ጠረጴዛው ማዶ ያለው ባለሙያ የሁለት ዓመት ትምህርት ስለምን ሦስት ዲግሪ እንዳስገኘ መጠየቁ አይቀርም፤ የኮራዲም ጥያቄ እዚያው ዳግም ይነሳል። መልሱ ያለው የትምህርቱን ደረጃ፣ ክሬዲቱንና የተወሰደበትን አገር ዘርዝሮ ከዲግሪው ጋር በሚሰጠው የዲፕሎማ ማብራሪያ ውስጥ ነው። ከአውሮፓ ሳይወጡ ከየዩኒቨርሲቲው ይህን ማብራሪያ ማኅተም አስመትቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለማስላክ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።